ተመልሶ የሚመጣው የዳነው ነው

ጎጃም ቡሬ ያደገ ልጅ መስከረም በገባ ቁጥር የሚሰማት አንዲት ተግሣጽ አለች። «እሸት አታብዛ፣ ወባ ትነሳብሃለች!» አያቴ ትላታለች፣ ጎረቤት ይላታል፣ በበራችን የሚያልፍ የማናውቀው ሽማግሌ ሳይቀር ቆም ብሎ ይላታል። ትምህርት ቤት ስንሄድ ደግሞ የሳይንስ መምህራችን ይስቁብናል። ወባ የምትመጣው በትንኝ ንክሻ ነው፤ በቆሎ ምን አግብቶት? ፈተና ላይ «እውነት ወይም ሐሰት» ተብሎ ይመጣል። ሐሰት ብለን እንጽፋለን። ማታ ቤት ገብተን እሸት እንጠብሳለን፣ አያቴም ታጉረመርማለች።

መምህሩ ልክ ናቸው። በቆሎ ስለበላ ብቻ ወባ የያዘው ሰው የለም። ነገሩ ግን እዚያ ላይ አያበቃም።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ቡሬና አካባቢዋን ክፉ የወባ ወረርሽኝ መታት። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲፈልጉ ዓይናቸው በቆሎ ላይ አረፈ። የበቆሎ አበባ ሲበተን ብናኙ በየኩሬው ላይ ይወርዳል። የከብት ኮቴ የቦረቦረው፣ ለቤት ምርጊት ጭቃ የተቆፈረበት፣ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ሁሉ ያንን ብናኝ ይሰበስባል። የወባ ትንኝ እጭ ደግሞ ትበላዋለች። እሱን የበላች እጭ ቶሎ ታድጋለች፣ ትወፍራለች፣ ከሌሎቹም ይልቅ ክንፍ አውጥታ ለመብረር ትበቃለች። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ጥናት መሠረት በቡሬ በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው ቦታዎች የወባ ሕመም ብዙም ከማይዘራባቸው 9.5 እጥፍ በልጦ ተገኘ።

ድሮ በቆሎ የጓሮ እህል ነበር። ጥቂት ዘርቶ፣ በእሸቱ ተበልቶ ያልቃል። በኋላ ምርጥ ዘር መጣ፣ እርሻውን ሞላው። በተለይ ቢኤች-660 የሚባለው ዘር ለመድረስ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ የሚያብበው ዝናቡ ሲቀንስ፣ ኩሬው ሲሞቅ፣ ትንኟ በምትራባበት ሰሞን ሆነ።

አያቴ ወቅቱን አውቃለች። ተክሉንም አውቃለች። የሳተችው መንገዱን ነው። አፍ ውስጥ ፈለገችው፣ እሱ ግን ኩሬ ውስጥ ነበር። (ጥንቅሽ ማኘክም ወባ ያመጣል ትል ነበር። እሱን የሚደግፍላት ጥናት እስካሁን አላየሁም።)

ይህን የማነሳው አያቴን ሳይንቲስት ለማድረግ አይደለም። ስለ በሽታና ስለ መድኃኒት የሚወራውን የሐሰት ወሬ ሁሉ «መሃይምነት ነው» ብሎ የሚዘጋ ሰው ስለበዛብኝ ነው። ከተማ ተቀምጦ የገጠር ሰው ቪዲዮ እያጋራ የሚስቅ ሰው ስለበዛ። እኔ በማየው ሰው ዝም ብሎ አይፈጥርም። ያየውን ይናገራል። ያየው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በእርግጥ የሆነ ነገር ነው። ችግሩ ያላየው ላይ ነው።

የምሠራው ደብረ ማርቆስ ውስጥ መድኃኒት ቤት ነው። ከባንኮኒው ኋላ የቆመ ሰው የሚሰማውን ወሬ ጋዜጠኛም አይሰማው። ጉንፋን የያዘው ሰው ይመጣና «አሞክሳ ስጠኝ» ይላል። ሐኪም አዞልሃል ወይ ስለው ይቆጣል። «ባለፈው ወስጄው በሦስተኛው ቀን አሽሎኛል እኮ!» እውነቱን ነው፣ አሽሎታል። ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ነው፣ አሞክሳሲሊን ቫይረስ አይገድልም፤ ጉንፋኑ በሦስተኛ በአራተኛው ቀን መቅለሉ ግን አይቀርም ነበር። ሰውየው ሁለት ነገር አየ፦ ዋጠ፣ ተሻለው። ሳይውጥ ቢቀር ምን ይሆን እንደነበር ማን ያሳየው? ያንን ለማየት ሌላ እሱን ማግኘት ሊኖርበት ነው። እኔ ደግሞ «አይሠራም» ብዬ ስከለክለው ዓይኑ ያየውን ልነጥቀው እንደመጣሁ ነው የሚቆጥረው። ተነስቶ ቀጣዩ ሱቅ ይሄዳል። እዚያ ይሸጡለታል።

የኮሮና ጊዜም እንዲሁ ነበር፤ መጠኑ ብቻ ገዘፈ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው ሕመምተኛ ተገኘ ተባለ። በዚያው ሳምንት እኛ ገበያ ላይ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አልቀመስ አለ። ፌጦ፣ ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ሎሚ፣ ማር፤ ጓዳ ያለው ሁሉ ተወቀጠ፣ ተቀቀለ፣ ታጠነ። ሰው አረቄ ሲጠጣ «ለኮሮና ነው» ብሎ ይጠጣ ነበር፤ ይህችኛዋ ምክንያት ከበሽታውም በፊት ሌላ ስም ነበራት። ጥቁር ሕዝብ አይዘውም ተባለ፤ ፀሐይ አይችልም ተባለ፤ የፈረንጅ በሽታ ነው ተባለ።

ከዚያ ብዙ ሰው ታመመ፣ ብዙ ሰውም ዳነ። መጀመሪያ ከቻይና የወጣው አኃዝ እንኳ ከ100 ሕመምተኛ 80 ያህሉ ቀለል ባለ ሕመም እንደሚያልፈው ይናገር ነበር። የእኛ ሕዝብ ደግሞ ግማሽ ያህሉ 20 ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው፤ በሽታው ክፉኛ የሚጥለው ሽማግሌውንና ሌላ ሕመም ያለበትን ነው። እንግዲህ አስቡት። በአንድ ቀበሌ 100 ሰው ታመመ እንበል። 100ውም ዝንጅብል ጠጣ። ከመቶው እጅግ የሚበዛው ዳነ። ያ ሁሉ ሰው ምስክር ነው። በገበያ፣ በለቅሶ፣ በማኅበር ቤት «እኔን ያዳነኝ ይኸው ነው» ይላል። የሞቱት ሁለትና ሦስት ሽማግሌዎችም ዝንጅብል ጠጥተው ነበር። እነሱ ግን ማኅበር አይመጡም። ስለነሱ የሚወራውም ሌላ ነው፦ «ድሮም ስኳር ነበረባቸው፣ ዕድሜያቸውም ገፍቷል።»

እዚህ ላይ የመንግሥትንም የባለሙያንም ጥፋት መሸፋፈን አልፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት መጀመሪያ ጤነኛ ሰው ማስክ አያስፈልገውም ሲል ቆይቶ ግንቦት 28 ቀን 2012 ምክሩን ቀየረ። ዕውቀቱ አዲስ ነበርና ምክር መቀየሩ ተገቢ ነበር። ነገር ግን «ትናንት እንዲህ ያልነው ይህን ስላላወቅን ነው፤ ዛሬ ይህን አወቅን» ብሎ ቁጭ ብሎ ያስረዳን ሰው አልነበረም። በቴሌቪዥን በየማታው «ባለፉት 24 ሰዓታት» ተብሎ ቁጥር ይነበብልናል፣ ያልቃል። ደንበኞቼ ቁጥሩን ሰሙ፣ ቁጥሩ ውስጥ የሚያውቁትን ሰው አጡ፣ ፊታቸውን ወደሚያውቁት ሰው መለሱ። የሚያውቁት ሰው ደግሞ ዝንጅብል ጠጥቶ የዳነው ጎረቤት ነው።

ክትባቱ የጀመረው ልክ በዓመቱ መጋቢት 4 ቀን 2013 ነው። አስትራዜኔካ ነበር። በዚያው ሳምንት ዴንማርክ፣ ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያን ክትባቱን ለጊዜው አቆሙት፤ ደም አረጋ የሚል ስጋት ተነሳ። ይህ ወሬ የሐሰት አልነበረም! ደም መርጋቱ በእርግጥ ይከሰታል፤ ግን ከመቶ ሺህ ሰው አንድ ገደማ ነው። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከቀናት በኋላ ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል ብሎ ወሰነ፤ ብዙዎቹ አገሮችም መልሰው ጀመሩት። የማቆሙ ዜና እኛ ጋ በአንድ ቀን ደረሰ። የመጀመሩ ዜና ግን የት መንገድ ላይ እንደቀረ እንጃ። አንድ ጡረተኛ መምህር ባንኮኒዬን ተደግፈው «ፈረንጅ የጣለውን ነው የላኩልን» አሉኝ። እኒህ ሰው ስኳር አለባቸው፣ ደም ግፊት አለባቸው፣ 70ን አልፈዋል። በኮሮና የመሞት ዕድላቸው ከመቶ ሺህ አንድ አይደለም፤ እጅግ ይበልጣል። አደጋውን በትክክል ሰምተዋል፤ ከምን ጋር እንደሚመዝኑት ነው ያልነገርናቸው።

ይህ አመል ደግሞ አዲስ አይደለም። ፈንጣጣን ለማጥፋት ዘመቻው አገራችን ላይ በ1963 ሲጀመር የጎጃም ደጋ ብዙ ቦታ ላይ ከታቢዎችን አላስገባም ብሎ ነበር። ሕዝቡ የራሱ ክትባት ነበረው። ከታመመ ሰው ቁስል መግል ወስዶ የጤነኛውን ክንድ በጥቶ መቀባት። አንዴ የታመመ ዳግም እንደማይታመም ማንም ፈረንጅ ሳይነግረው በዓይኑ አይቶ ደርሶበታል፤ ትልቅ ዕውቀት ነው። ደግሞም በዚያ ዘመን እኛ ጋ የነበረው የፈንጣጣ ዓይነት ቀለል ያለው ነበር፤ ከመቶ ሕመምተኛ የሚገድለው አንድ ሁለቱን ነው። ታዲያ ለዚህ በሽታ ባዕድ ሰው በመርፌ ለምን ይውጋኝ? ያልታየው ነገር በዚያ መግል የተቀባው ልጅ ለሳምንታት በሽታውን ለሌላው ሲያስተላልፍ መክረሙ ነበር። አገራችን የመጨረሻውን ሕመምተኛ ያየችው ነሐሴ 1968 ነው፣ እሱም ወደ ኦጋዴን በኩል። ለዚያ የበቃነው ከታቢዎቹ ከቀዬው ሽማግሌና ከካህኑ ጋር ቁጭ ብለው መነጋገር ሲጀምሩ ነው ብለው የሚያወጉ አዛውንቶች አውቃለሁ፤ አምናቸዋለሁ።

አሁን ወደ ውሻው ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ እሱ ነው።

አንድ ገበሬ የቁስል ቅባት ሊገዛ መጣ። ለማን ነው ስለው ለልጄ አለ። ምን ሆኖ ነው ስለው ውሻ ነክሶት አለ። ሐኪም ቤት ወስደኸዋል? «አዋቂ ቤት ወስጄዋለሁ፣ መድኃኒቱን ጠጥቷል፣ ጨርሷል።» አዋቂውን በስም አውቃቸዋለሁ። የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ገንዘብም አያበዙም፤ አባታቸውም አያታቸውም ይህንኑ ሥር ይሰጡ ነበር። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት አግኝቻቸው ጠይቄአቸው ነበር። «እኔ ጋ መጥቶ የሞተ አንድ ሰው የለም» ብለውኛል።

አልዋሹም። አንደኛ፣ የሚነክሰው ውሻ ሁሉ አብዶ አይደለም። ሁለተኛ፣ በእርግጥ ያበደ ውሻ ነክሶት ክትባት ያላገኘ ሰው እንኳ ሁሉም በሽታው አይይዘውም፤ የሚይዘው ከአምስት አንዱ ገደማ ነው፣ ፊትና ጭንቅላት ላይ ከሆነ ይከፋል። ሦስተኛ፣ በሽታው የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ቆይቶ ነው። የተነሳ ጊዜ ደግሞ የሚያድን ነገር የለም፤ ሐኪም ቤትም የለውም። ያኔ ቤተሰቡ ወደ አዋቂው አይመለስም። ውሃ ሲያይ የሚሸበረውን ልጅ ይዞ ወይ ጸበል ይሄዳል፣ ወይ ሆስፒታል ይሄዳል። ሞቱ የሚጻፈው እዚያ ነው። አዋቂው ቤት የሚመለሰው ዶሮ ይዞ ሊያመሰግን የመጣው ብቻ ነው። እሳቸው የሚያውቁት መጽሐፍ ላይ የሞተ ሰው በእርግጥ የለም።

ይህን ሁሉ ለገበሬው አላወራሁትም። ወንበር ሰጠሁት። አዋቂውን ሳልነካ «የጠጣው ይቆጠርለት፤ ግን ዛሬውኑ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት፤ ከዚያ ለክትባት ሆስፒታል ውሰደው» አልኩት። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነት ዘመናቸው ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አይጣሉም፣ አብራችሁ ውሰዱ ብለው በአደባባይ ሲመክሩ የሰሙ ብዙ ናቸው። እሳቸው ያሉትን እኔ ለውሻ ንክሻ ተበደርኩት። ገበሬው ግን ሌላ ፍርሃት ነበረበት። «ሆድ ላይ በየቀኑ እየወጉ ልጁን ሊጨርሱት?» የድሮው ክትባት እንደዚያ ነበርና አልፈረድኩበትም፤ ሁለት ሳምንት በየቀኑ ሆድ ላይ መወጋት ነበር። አሁን ክንድ ላይ ነው፣ ጥቂት ጊዜ ነው አልኩት። ፊቱ ሲፈታ አየሁት። ያ ሁሉ ክርክር ስለ እምነት ይመስለኝ ነበር፤ ስለ ሆድ ነበር።

ልጁ ዛሬ ደህና ነው። አዋቂውም ከዳኑላቸው ቆጥረውታል፣ ሆስፒታሉም ቆጥሮታል። ውሻው ማበድ አለማበዱን የሚያውቅ ግን ማንም የለም።

ስለ አዋቂው እንዲህ ስል ስልኬ ላይ በየቀኑ የሚመጡትን ሻጮች ከሳቸው ጋር እንዳትደምሩብኝ። «የስኳር በሽታን ከሥሩ የሚነቅል»፣ «ኩላሊትን የሚያጥብ»፣ «ግፊትን በ21 ቀን»! ነጭ ጋውን ለብሶ፣ አንገቱ ላይ የሐኪም መስሚያ አንጠልጥሎ፣ በቲክቶክ ቀርቦ ዱቄት የሚሸጥ ሰው አይቶ የተሳሳተ ሰው አይደለም። እያወቀ የሚነግድ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ወጣት ኢንሱሊኑን አቁሞ ዱቄት ቢጀምር በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሻጩ የምስጋና ድምፅ የላኩለትን ይለጥፋል፤ የተቆጡትን ያጠፋል፤ የሞቱት ድምፅ አይልኩም። አዋቂው ሳያውቁት የሆነባቸውን እሱ ሥራዬ ብሎ ይዞታል። ለአዋቂው ትዕግሥት አለኝ፤ ለዚህኛው ግን ቅንጣት የለኝም።

ነገር ግን ኮሮናውም፣ ክትባቱም፣ ቲክቶኩም ቢያንስ ክርክር አለበት። አንዱ ይላል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ይሰዳደባል። እኔን የሚያንገበግበኝ ክርክር የሌለበት ነው። እኛ ጎጃም ላይ ዝሆኔ ክርክር የለበትም። ክርክር የሌለው ሁሉም ሰው ስለተስማማ ነው፤ የተስማማው ደግሞ በስህተት ላይ ነው።

የእናቴ ታላቅ እህት ደምበጫ ገጠር ነው ያለችው። ታላቅ ወንድሟ ዝሆኔ ነበረበት። እግሩ ከጉልበቱ በታች አብጦ፣ ቆዳው ሻክሮ፣ በየጥቂት ሳምንቱ ትኩሳቱ ሲነሳበት አልጋ ላይ ይውላል። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ከሰው ራቅ ብሎ ይቆም ነበር፤ ማንም ራቅ በል አላለውም፣ ማንም ቅረብም አላለውም። አክስቴ ወጣት ሳለች ሽማግሌ ተልኮባት ሁለት ጊዜ ፈርሷል። ምክንያቱ አልተነገረም፤ መነገርም አላስፈለገውም። ዘር ተጠይቋል።

በሽታው ከየት ይመጣል ብትሉ መልሱ በየመንደሩ አለ። የሞተ እባብ የረገጠ፣ መተት የተደረገበት፣ የቅድመ አያት እርግማን፣ በሽተኛ የታጠበበትን ውሃ የተሻገረ። ከሁሉ የጸናው ግን «የዘር ነው» የሚለው ነው። ሳይንሱስ ምን ይላል? ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገራችን ውስጥ ተቀምጦ ነገሩን ሲያጠና ከአፈሩ ጋር አገናኘው። ድሮ እሳተ ገሞራ ከተፋው ድንጋይ የመጣው ቀይ አፈር ውስጥ ዓይን የማያያቸው ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች አሉ። በባዶ እግር ዓመታት የሄደ ሰው ቆዳ ውስጥ ይገባሉ። ከእግር ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ያቆስላሉ፣ ይደፍናሉ። እግሩ ማበጥ ይጀምራል። ተዋሲ የለበትም፤ ስለዚህ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ በመብላት አይያዝም፣ አብሮ በመተኛት አይያዝም፣ የታጠበበትን ውሃ በመሻገር አይያዝም። ፕራይስ ለበሽታው ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም ሰጠው። አገራችን ውስጥ 1.5 ሚሊዮን ሰው ያህል እንዳለበት ይገመታል። በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት ከተቆጠረው ሰው 3.3 በመቶው ላይ አግኝቶታል። በሠላሳ ሰው አንድ ማለት ነው፤ አንድ የሠርግ ዳስ ውስጥ ስንት ይሆን?

ይህን ለአክስቴ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና እንዲህ አለችኝ። «አንተዬ፣ እኔም በባዶ እግሬ ነው ያደግሁ። ጎረቤቶቻችንም በባዶ እግራቸው ነው ያደጉ። አፈሩ ለምን ወንድሜን ብቻ መረጠ?»

የጤና ባለሙያ ነን የምንል ሰዎች ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ በ«የዘር አይደለም!» እንዘጋዋለን። አክስቴ ግን ያየችውን አይታለች። ዝሆኔ በአንዳንድ ቤት ይበዛል፣ በአንዳንዱ ጭራሽ የለም። እውነትም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወላይታ በተወሰደ የዘረመል ጥናት አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ለዚህ አፈር ተጋላጭ መሆኑ ታውቋል። ስለዚህ ከአያት ከቅድመ አያት የሚወረስ ነገር አለ፤ የሚወረሰው ግን በሽታው አይደለም፣ ለአፈሩ መሸነፍ ነው። ዘሩ ኖሮ አፈሩ ካልነካው በሽታው የለም። በነገርኳት ጊዜ አክስቴ ጎኔን በክርኗ ወጋ አደረገችኝና «እንዲህ ካልክማ ገባኝ» አለች። የዘር አይደለም ብዬ ብከራከራት ኖሮ አንዲት ቃሌንም ባላመነች ነበር።

ደግሞ ዝሆኔ መድኃኒት የለውም የሚለውም ሌላው ስምምነት ነው። እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም፣ አነደድ ወረዳ፣ ወደ 700 የሚጠጉ ሕመምተኞች ላይ ሙከራ ተደርጓል። ግማሾቹ እግራቸውን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ በረኪና ጠብ በተደረገበት ውሃ መዘፍዘፍ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ጀመሩ። ሌሎቹ ዓመት ጠብቀው እንዲጀምሩ ተደረገ። ያ የሚጥላቸው ትኩሳትና ሕመም በጀመሩት ላይ ቀነሰ። አልጠፋም፣ ቀነሰ። ከእርሻ ለሚኖር ሰው ግን በክረምት ጥቂት ቀን ከአልጋ መነሳት ቀላል ነገር አይደለም።

ጫማስ? ኮንጎ ጫማ ዛሬ በየገበያው አለ። ነገር ግን የሚያርስ ሰው ጭቃ ውስጥ ኮንጎውን አውልቆ ነው የሚገባ። በረባሶ ደግሞ አፈር አያስቀርም። እግር የሚታጠብበትን ውሃ ደግሞ አንዲት ሴት ከሩቅ ተሸክማ ታመጣዋለች። «ጫማ አድርጉ» የሚለው ምክር ቀላል የሚሆነው ለሚናገረው ነው።

ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ ሽማግሌ ተላከባት። ይህችኛዋ እስከ አሥረኛ ክፍል የተማረች፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ኮንጎ ሳታደርግ ከቤት ያልወጣች ልጅ ናት። የመጡት ሽማግሌዎች ዙሪያ ጥምጥም ሄደው ሄደው የአጎቷን እግር አነሱ። አክስቴ ደብረ ማርቆስ ደውላ እኔን አስጠራችኝ፤ መድኃኒት አዋቂ የወንድም ያህል ነው ብላ አስተዋወቀችኝ። አፈሩን አወራሁ። ቧንቧውን አወራሁ። የዘሩን ነገር ሳልደብቅ አወራሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የሙሽራው አባት ወንድም ናቸው፣ ሌሎቹ ሲጠይቁ እሳቸው ጠላቸውን ይዘው ዝም ብለው መሬት ያያሉ። «እንማከራለን» ብለው ሄዱ።

እኒያ ዝምተኛው ሰውዬ በሳምንቱ፣ የገበያ ቀን፣ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ሰው እስኪወጣ ጠበቁ። ቫዝሊን ስንት ነው አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ለጎረቤቴ ነው» አሉ።

መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው ስንት ጎረቤት እንዳለው ቢቆጠር ጉድ ነው። አላሳፈርኳቸውም።

«ጎረቤትዎ እግራቸው ማበጥ ከጀመረ ቆይቷል?»

«ያን ያህል እንኳ አይደለም። ማታ ማታ ያቃጥላቸዋል፣ ይበላቸዋል። ጣታቸው አካባቢ ጠንከር ብሏል።»

«ገና መጀመሪያው ነው፤ ይሄ በጣም ጥሩ ነው። በየማታው በሳሙና ይታጠቡ፣ በጣቶቻቸው መሐል በደንብ ያድርቁ፣ ከዚያ ይቀቡት። እርሻ ሲገቡ ቦቲ ጫማ ቢያደርጉ። ማርቆስም ሕክምና አለ፣ ነፃ የሚሰጡም አሉ፤ ይዘዋቸው ይምጡ።»

«እሳቸው እኔ ካልነገርኳቸው አይመጡም።» ቫዝሊኑን ኪሳቸው ከተቱ። «በረኪናው ስንት ጠብታ ነው ያልከው?»

«እሱን ሲመጡ እዚያው ለክተው ያሳዩዋቸዋል፤ ሲበዛ ቆዳ ያቃጥላል።»

«የልጅቷ ነገር ደግሞ» አሉ ሊወጡ ሲሉ፣ «ከፋሲካ በኋላ ብለናል፤ ለአክስትህ ንገራት።»